ስለ ሱፐርቪዥንና ስለ አማካሪው የራሱ እድገት፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በምክር ሥራ ላይ ያሉ ወጣት ባልደረቦች በየጊዜው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አንዳንዱ በስልክ የመጣ ነው፤ አንዳንዱ ፒያሳ ላይ ማኪያቶ እየጠጣን የተነሳ። መልሶቹ የራሴ ናቸው። እኔም አማካሪ ነኝ፤ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሌሎች አማካሪዎችን ሱፐርቫይዝ አደርጋለሁ። ሁለቱም ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። የበለጠ የሚቆረቁረው የትኛው እንደሆነ ግን እስካሁን አልወሰንኩም።

ሱፐርቪዥን ማለት ቁጥጥር አይደለም እንዴ?

ስሙ ነው ያስቸገረን። እኛ አገር "ሱፐርቪዥን ሊመጣ ነው" ሲባል ትምህርት ቤቱም ጤና ጣቢያውም ይታመሳል። ያልተሞላው መዝገብ ይሞላል። የተቀደደው ፖስተር ይቀየራል። ሱፐርቫይዘሩ ቼክሊስቱን ይዞ ይዞራል፤ "ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን" ብሎ ግብረ መልስ ጽፎ ይሄዳል። መኪናው ከግቢ ሲወጣ ሁሉም እፎይ ይላል።

በምክር ሙያ ውስጥ ሱፐርቪዥን የሚባለው ሌላ ነገር ነው። አማካሪው ከእሱ የበለጠ ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር በቀጠሮ ይገናኛል። ስለሚያያቸው ሰዎችና እነሱን ሲያይ በራሱ ላይ ስለሚሆነው ነገር ያወራል። ፋይል አሳምሮ መምጣት እዚህ ጋ ዋጋ የለውም፤ የተበላሸውን ይዞ የመጣ ነው የሚጠቀመው።

እንግሊዛዊቷ ብሪጂድ ፕሮክተር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሱፐርቪዥንን ሥራ በሦስት ከፍላ አስቀምጣለች። አንደኛው ሥራው በሥነ ምግባርና በደረጃው መሠረት መሠራቱን ማየት ነው። ሁለተኛው ማስተማር ነው። ሦስተኛው የደከመውን አማካሪ ማደስ ነው። እኛ የመጀመሪያውን ብቻ አንስተን፣ እሱንም በቼክሊስት አስረን፣ የቀሩትን ሁለቱን ረሳናቸው። ብዙው ጣጣችን ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል።

ታዲያ ሱፐርቪዥን ከቴራፒ፣ ማለትም ከሥነ ልቦና ሕክምና፣ በምን ይለያል?

ድንበሩ ቀጭን ነው። ሱፐርቪዥን ላይ ስለ እናትህ ልታወራ ትችላለህ። የምታወራው ግን የእናትህ ነገር ከዚያች ተገልጋይ፣ ምክር ፈልጋ ከመጣችው ሴት፣ ጋር በምትሠራው ሥራ ውስጥ ምን እየሠራ እንደሆነ ለማየት ያህል ነው። ወሬው ከዚያ አልፎ አንተን ወደ ማከም ከሄደ፣ ሱፐርቫይዘሩ ቆም ብሎ "ይህን ለሌላ ባለሙያ ውሰደው" ሊል ይገባል። ካላለ ሁለት ሥራ ደርቦ ይዟል፤ ሁለቱንም ያበላሻል።

ዲግሪ አለኝ፣ አሥር ዓመት ሠርቻለሁ። ምን ያደርግልኛል?

ጎንደር ሆኖ ይህን መጠየቅ ትንሽ ያስቃል። ከሌላ አገር አቋቋም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማና ሽብሸባ፣ ተምሮ የመጣ ሰው በዓታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጦ ያስመሰክር የለ? ጎልማሳ ሰው መምህሩ ፊት ቆሞ ሲታረም ማንም ጉድ አይልም። ልዩነቱ፣ እዚያ አስመስክሮ የሚወጣበት ቀን አለ። በእኛ ሙያ ያ ቀን የለም።

አሜሪካዊው ካል ስቶልተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1981 አማካሪ በደረጃ እንደሚያድግ የሚያሳይ ሞዴል አቅርቦ ነበር። ጀማሪው ፈሪ ነው። ተገልጋዩ እያወራ እሱ በልቡ "አሁን ምን ልበል?" ይላል፤ ሱፐርቫይዘሩም ቁርጡን እንዲነግረው ይፈልጋል። መካከል ላይ ያለው ይወዛወዛል። አንድ ቀን "እኔ አውቃለሁ" ብሎ ይኮራል፣ በማግስቱ "ይህ ሥራ አይሆነኝም" ይላል። ቆይቶ ነው የሚረጋው። እኔ በልምዴ ያየሁት፣ አስቸጋሪው መካከለኛው ነው። ሱፐርቪዥን የሚያቆሙትም እዚያ ላይ ሲደርሱ ነው።

የራሴን ልናገር። ስምንተኛ ዓመቴ ላይ ነበርኩ። በአንድ ወር ውስጥ ስለ ሦስት ባለትዳር ሴቶች ለሱፐርቫይዘሬ አወራሁ። ሦስቱም ትዳራቸው ውስጥ የሚያስፈራ ነገር አለ። ሱፐርቫይዘሬ ሰምታ ጨረሰችና "ለሦስቱም ስለ ልጆቻቸው አንሥተሽላቸዋል፤ መጀመሪያ ያነሣሽው አንቺ ነሽ ወይስ እነሱ?" አለችኝ። ማስታወሻዬን ገለጥኩ። ሦስቱም ላይ እኔ ነበርኩ። "ታገሺ" አላልኩም፤ ሙያው እንደዚያ እንዳይባል አስተምሮኛል። ግን በተማረ ቋንቋ ያንኑ ብዬ ኖሯል። እናቴ ለእኛ ስትል የቻለችውን፣ እኔ ለሰው ሴት ልጆች አድል ነበር። ይህን ብቻዬን ሆኜ በአሥራ ስምንት ዓመትም አላየው።

ይህ ነገር ከየት መጣ?

ባጭሩ፦ በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1920 የሥነ ልቦና ትንተና ክሊኒክ ተከፈተ። እዚያ ስልጠናው ሦስት እግር ነበረው። ሰልጣኙ ራሱ ይታከማል፣ ንድፈ ሐሳብ ይማራል፣ በሌላ ባለሙያ ክትትል ሰው ያክማል። በኋላ አሜሪካ ውስጥ ሥነ ልቦና ባለሙያው ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ የምክክር ክፍለ ጊዜዎችን በድምፅ እየቀዳ ማስተማር ጀመረ። ሲያዳምጡት ጉድ ወጣ። "እኔ ተገልጋዩን አልመራም፣ እከተለዋለሁ" የሚለው ሰልጣኝ ቅጂው ላይ ያዛል፣ ይመክራል፣ ያቋርጣል።

እኛም ዘንድ ከነጭራሹ ባዶ አልነበረም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሰልጠን ሲጀምር፣ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በየተራ ለአንድ አንድ ወር እየመጡ ያስተምሩና ሱፐርቫይዝ ያደርጉ ነበር። ጎንደር ላይ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ ከጥንቱ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እያሰማራ ነው ያሰለጠነው። እየሠሩ መታረም ለዚህ ከተማ እንግዳ አይደለም።

በስንት ጊዜ አንዴ ልገናኝ?

ቁርጥ ያለ ቁጥር ለሚፈልግ፣ የእንግሊዙ የአማካሪዎች ማኅበር እውቅና የሰጣቸው አባላቱ በወር ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል እንዲያገኙ ይጠይቃል። ይህ ሥራ ላይ እስካሉ ድረስ የሚቀጥል ነው፤ ሽበት አያስቀርም። አሜሪካ ውስጥ እውቅና ያላቸው የምክር ትምህርት ክፍሎች ተማሪው በተግባር ልምምድ ላይ እያለ በሳምንት አንድ ሰዓት ለብቻው ወይም ከአንድ ጓደኛው ጋር፣ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ተኩል በቡድን እንዲያገኝ ያደርጋሉ።

እኔ ለጀማሪ በየሳምንቱ፣ ለቆየ ሰው በሁለት ሳምንት አንዴ እላለሁ። "ሲያስፈልገኝ እደውላለሁ" የሚለውን አልወደውም። ሰው ሲያስፈልገው አይደውልም፤ ያፍራል።

ምን ይዤ ልምጣ?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ብዙዎች የሚያመጡት ያማረውን ኬዝ ነው። "ዱሮ አልቅሳ ነበር፣ አሁን ደህና ናት፣ መርቃኝ ሄደች።" እሰይ። ግን እሱ ላይ አንድ ሰዓት ምን እናደርጋለን?

ቀጠሮውን ሲሰርዝ ደስ ያላችሁን ሰው አምጡ። ሰዓቱ አልቆ ልታስወጡት ያልቻላችሁትን አምጡ። ከሌላው በላይ የሚያሳሳችሁን፣ ስሙ ስልካችሁ ላይ ሲመጣ ሆዳችሁን የሚቆርጣችሁን አምጡ። ወረቀት ላይ ደግሞ አምስት ስድስት መስመር ይበቃል። ሰውየው ለምን መጣ? እናንተ ምን አደረጋችሁ? የት ላይ ተያዛችሁ? እዚያ ስትደርሱ ምን ተሰማችሁ? የመጨረሻዋን ጥያቄ ሁሉም ይዘላታል።

ከዚያ በኋላ ሱፐርቫይዘሩ የሚያይበት ቦታ ብዙ ነው። አሜሪካዊቷ ጃኒን በርናርድ እ.ኤ.አ. በ1979 ሦስት አስቀምጣለች፦ ምን አደረግህ፣ ነገሩን እንዴት ተረዳኸው፣ አንተ ራስህ ውስጥ ምን አለ። ሱፐርቫይዘሩም እንደ ሁኔታው አንዴ መምህር፣ አንዴ አማካሪ፣ አንዴ እኩያ ባልደረባ ይሆናል። መምህር ብቻ ሆኖ የቀረ ሱፐርቫይዘር ሌክቸር ይሰጣል። እኛ ዘንድ በዝተዋል፤ እኔም አንዳንዴ ያምረኛል።

አንድ ጊዜ ሱፐርቫይዝ የማደርገው አንድ ወጣት አማካሪ መጣና ስለ ተገልጋዩ ትንፋሽ ሳይወስድ አወራ። እኔም ሳላስበው መፍትሔ በመፍትሔ ላይ ደረደርኩለት። ሁሉንም "ሞክሬዋለሁ" አለኝ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ሁለታችንም ደክሞን ነበር። ከዚያ "ይህ ሰውዬ አንተ ጋ ሲመጣ እንደዚህ ነው እንዴ የሚያደርግህ?" አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። ልክ እንደዚያ ነበር። ተገልጋዩ እሱ ላይ የሚያደርገውን እሱ እኔ ላይ እያደረገ ነው። ሃሮልድ ሰርልስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1955 ስለዚህ ጽፏል፤ አሁን ትይዩ ሂደት ይሉታል። ያን ቀን ከዚያች አንዲት ጥያቄ ሌላ ያወራሁት ሁሉ ከንቱ ነበር።

ሱፐርቫይዘሬ አለቃዬ ናቸው፣ በዕድሜም አባቴ ይሆናሉ። እንዴት ብዬ ነው "አበላሸሁ" የምላቸው?

እዚህ ላይ ይሉኝታ የሚባለው ነገራችን ይገባል። "ምን ይሉኛል" ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። "እሳቸውን አሳፍራለሁ፣ ያስተማሩኝን ከንቱ አደርጋለሁ" የሚልም አለበት። ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል? የሚወደሰውን ያቀርባል፣ የሚያመውን ሆድ ይፍጀው ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለን ለተገልጋይ እንተርታለን፤ እኛው እንደብቃለን።

መደበቁ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኒኮላስ ላዳኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ ሰልጣኞችን ጠይቀው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሱፐርቫይዘራቸው የሚደብቁት ነገር እንዳለ ነግረዋቸዋል። እነሱ "አንተ" እየተባባሉ ነው የደበቁት። እኛ "እርስዎ" እያልን እንዴት አንደብቅ?

ቢቻል የሚገመግማችሁና ሱፐርቫይዝ የሚያደርጋችሁ ሰው ይለያዩ። ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ አይቻልም፤ ያለው አንድ ሰው ነው። ያን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ተነጋግራችሁ ጻፉት። እዚህ የተባለው የትኛው ወደ ሥራ አፈጻጸም ምዘና ይሄዳል፣ የትኛው አይሄድም? ተገልጋይን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ካለ መሄዱ አይቀርም፤ ይህ አስቀድሞ ይታወቅ። ሌላው እዚያው ይቅር። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ "ጋሼ፣ ዛሬ ያልሆነልኝን ነገር ነው ይዤ የመጣሁት። ከመገምገሜ በፊት ልማርበት ፈልጌ ነው።" አንዴ ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ይንቀጥቀጥ።

ለሱፐርቫይዘሮች ደግሞ፦ መጀመሪያ የራሳችሁን ስህተት አውሩ። የትናንቱን፤ የዛሬ ሃያ ዓመቱን አይደለም። የዛሬ ሃያ ዓመት ስህተት ጀብዱ ነው።

ጎንደር ትንሽ ከተማ ናት። ሱፐርቪዥን ላይ ባወራ የሰው ገመና አይወጣም?

ይወጣል፤ ካልተጠነቀቅን። አንድ ቀን በቡድን ስንነጋገር ስም አልጠራሁም። ሰፈሩን ግን ጠራሁ፣ የባልየውን ሥራ ጠራሁ፣ የልጆቹን ቁጥር ጠራሁ። አንዷ የቡድኑ አባል አንገቷን ደፋች። ያወራሁላት ሴት የአክስቷ ልጅ ናት። ከዚያ ወዲህ ስም መሰወር ብቻውን ምሥጢር መጠበቅ አይመስለኝም። ከአራዳ እስከ አዘዞ ሰው በስሙ ብቻ አይደለም የሚታወቀው፤ በዕድሩ፣ በማኅበሩ፣ በሚያስቀድስበት ደብር ይታወቃል።

ስለዚህ ለጉዳዩ የማያስፈልገውን ሁሉ ጣሉት ወይም ለውጡት። የሥራው ዓይነት ካላስፈለገ አይነሣ። ልጆቹ አራት ይሁኑ ሦስት ምን ለውጥ አለው? ቡድን ውስጥ ከመጀመራችሁ በፊት "ይህን ሰው የማውቀው መሰለኝ" ያለ አባል ያለ ጥያቄ የሚወጣበትን ሕግ አድርጉ። ለተገልጋዩም ገና በመጀመሪያው ቀን ንገሩት። "ሥራዬን የሚያይልኝ ባለሙያ አለ፤ ስምህን አልነግረውም፤ አንተን በደንብ ለመርዳት ነው።" ይህን ሰምቶ የሸሸ ሰው እኔ አላጋጠመኝም። አንድ አዛውንት እንዲያውም "ለእርስዎም የንስሐ አባት አለዎት ማለት ነው" ብለውኛል። ልክ አይደለም፤ ግን አላረምኳቸውም።

ሌላው የትንሽ ከተማ ፈተና መንገድ ላይ መገናኘት ነው። ለቅሶ ቤት ትደርሳላችሁ፣ ተገልጋያችሁ ጎናችሁ ተቀምጧል። ጥምቀት ላይ ፋሲለደስ መዋኛ ዳር ቆማችሁ ከነቤተሰቧ ትመጣለች። ደንቡ፣ እሷ ሰላም ካለች ሰላም በሏት፤ ካላለች አታውቋትም። ይህንንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ያለዚያ ሰላምታ በነፈገ የሚያኮርፍ አገር ውስጥ "ዘጋችኝ" ብላ ቀጠሮ ታቆማለች።

ድምፅ ቀድቼ ማምጣት እችላለሁ?

ተገልጋዩ በደንብ ገብቶት፣ በጽሑፍ ከፈቀደ አዎ። ከተሰማ በኋላ ይጥፋ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃ ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ውስጥ ነው። ኬዝ በቴሌግራም ግሩፕ አትላኩ። "ግሩፑ የራሳችን ነው" አትበሉኝ። ስልክ ይጠፋል፣ ስክሪንሾት አለ፣ ስልኩን የሚነካካ ታናሽ ወንድም አለ።

ሱፐርቫይዘር የሚሆነኝ ሰው አላገኘሁም። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ በሩ ይንኳኳ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦናም የሥነ አእምሮም ትምህርት ክፍሎች አሉት። እዚያ ያሉ ሰዎች ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ግን "በወር አንድ ሰዓት" ብሎ ለጠየቀ ሰው እምቢ ማለት ይከብዳል። አዲስ አበባ ካለ ባለሙያ ጋር በስልክ መሥራትም ይቻላል። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ያናድዳል፤ ቪዲዮውን ትታችሁ በተራ ስልክ ቀጥሉ። እንዲያውም ፊት ካለማየት የተነሣ ሰው ይበልጥ ይናገራል።

እሱም ካልሆነ አራት አምስት ሆናችሁ ቡድን ሥሩ። የሥነ ልቦና ሐኪሙ ማይክል ባሊንት ከባለቤቱ ከኢኒድ ጋር ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጠቅላላ ሐኪሞችን እየሰበሰበ ስለ ታካሚዎቻቸው ያነጋግራቸው ነበር። በስሙ የሚጠሩ ቡድኖች ዛሬም አሉ። አንዱ ሐኪም ታካሚውን ያቀርባል፤ ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ ዝም ይላል፤ ሌሎቹ ሲነጋገሩ ያዳምጣል። ለእኛ ሰው ትልቁ ቅጣት ይህ ነው፤ ስለ ራስህ ጉዳይ ሲወራ ዝም ማለት። ግን የሚሠራው እሱ ነው።

የእኛ የቅዳሜ ቡድን በቡና ነው የተከፋፈለው። አቦል ላይ አንዱ ያቀርባል፣ ማንም አያቋርጥም። ቶና ላይ አቅራቢው ዝም ይላል፣ ሌሎቹ ያወራሉ። ምክር ክልክል ነው፤ "እኔ ብሆን" ያለ የሚቀጥለውን ቡና ይገዛል። በረካ ላይ አቅራቢው ብቻ ይናገራል፤ ምን ይዞ እንደሚሄድ። ጀበናው የዘገየ ቀን በረካው ላይ አንደርስም፤ ያን ጊዜ ሰው እንደተከፈተ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ከሰሉን ቀደም ብላችሁ አቀጣጥሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የእኩዮች ቡድን ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለበት፣ ልጅ ላይ ጥቃት ለደረሰበት፣ ሰው ሊጎዳ ለሚችል ኬዝ አይበቃም። እሱ ቅዳሜን አይጠብቅም። በዚያው ሰዓት ለኃላፊና ለሆስፒታል ባለሙያ ይደወላል።

ተገልጋዬ መድኃኒቷን ጥላ ጸበል ገባች። እኔ በጣም ተናደድኩ። ይህ የሱፐርቪዥን ጉዳይ ነው?

ከተናደድሽማ ዋናው ጉዳይ ነው። ስለ መድኃኒቱ ከሐኪሟ ጋር ትነጋገሪያለሽ፤ ጸበሉም መድኃኒቱም ጎን ለጎን እንዲሄዱ ቤተሰቡን ታነጋግሪያለሽ፤ ይህን ታውቂዋለሽ። ሱፐርቪዥን ላይ የምናየው ንዴቱን ነው። ለምን ይህን ያህል? አንዲት ባልደረባዬ በዚሁ ጉዳይ ስትብከነከን ቆይታ፣ ቆይታ፣ በልጅነቷ ጸበል ቦታ ታስሮ ያየችው አጎቷ መጣባት። ሌላው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ራሱ ዳዊት የሚደግም ልጅ ነው፤ ተገልጋዩ "አላምንም" ሲለው በልቡ ይጸልይለት ነበር። ሁለቱም ፊታቸው ያለውን ሰው ትተው ከሌላ ነገር ጋር ነበሩ።

የግል እድገት የምትሉት ምንድን ነው? ስልጠና ስንት ልውሰድ?

ስልጠናው አይጠላም፤ አበሉም አይጠላም። እኔም ፋይል ሙሉ ሰርተፊኬት አለኝ። ግን ሰው በሰርተፊኬት ብዛት ዝም ማለት ሲችል አላየሁም።

አባቴ ያረፉ ጊዜ በሳምንቱ ሥራ ገባሁ። "ሥራ ያስረሳል" አሉኝ፤ እኔም አመንኩ። ባሏ የሞተባት ሴት መጣች። ማልቀስ ጀመረች። እኔ ብድግ አልኩና ውኃ ቀዳሁላት። ጠጣች፣ ለቅሶው ቆመ፣ ስለ ቤት ኪራይ አወራን። ለሱፐርቫይዘሬ ይህን ስነግራት ደህና አድርጌ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። እሷ "ውኃው ለማን ነበር?" አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ያን ቀን የአባቴን ለቅሶ ሱፐርቪዥን ክፍል ውስጥ አለቀስኩ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሴትየዋ ስታለቅስ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አልነካሁትም። አርባ ደቂቃ አለቀሰች።

እድገት የምለው እሱን ነው። የገዛ ሆዳችሁ የት ላይ እንደሚንቦጫቦጭ ማወቅ፣ አውቆም እዚያው መቀመጥ። ዘዴ መማር ይቀላል።

የሰው ታሪክ ይዤ ቤት እገባለሁ። እንቅልፍ አጣሁ። ደካማ ሆኜ ነው?

አይደለም። ባለፉት ዓመታት ጦርነትና መፈናቀል በዚህ አካባቢ ስንቱን እንዳሳለፈ ታውቃላችሁ። የሚመጣው ሰው የሚነግራችሁ ነገር ለጆሮ ይከብዳል። በዚያ ላይ እናንተም እዚሁ ናችሁ። የሰማችሁት ነገር የራሳችሁን ዘመድም ነክቶ ይሆናል። የውጭ መጻሕፍት ይህን ሁለተኛውን ነገር ብዙም አያነሡትም።

ሊሳ ማካንና ሎሪ አን ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1990 የሰውን መከራ መስማት ቀስ በቀስ አማካሪው ዓለምን የሚያይበትን ዓይን እንደሚቀይር ጽፈዋል። በር ሁለት ጊዜ መቆለፍ ትጀምራላችሁ። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ሲዘገይ ልባችሁ ይወርዳል። ሰው ሲስቅ ያናድዳችኋል። ወይም ምንም አይሰማችሁም፤ ይህኛው ይበልጥ ያሰጋኛል።

"ሻወር ውሰጂ፣ በእግርሽ ሂጂ" የሚለው ምክር መጥፎ አይደለም። እኔም አመሻሽ ላይ ወደ ቁስቋም ዳገቱን እወጣለሁ። ግን በቀን ሰባት ከባድ ኬዝ እያሳየ ባለሙያውን "ራስህን ጠብቅ" የሚል መሥሪያ ቤት ይቀልዳል። የሥራው ድልድል መነካት አለበት። ከባድ ኬዞች በአንድ ቀን አይደራረቡ። በመካከል አሥራ አምስት ደቂቃ ይኑር። ሱፐርቪዥኑ በሥራ ሰዓት ውስጥ ይሁን፤ ከሥራ በኋላ በጉርሻ መልክ አይሰጥ። ይህን አማካሪው ብቻውን ሲጠይቅ ሰነፍ ይባላል፤ ሱፐርቫይዘሩ ሲጠይቅለት ይሰማል። የሱፐርቫይዘር ሥራ ይህም ነው። እንቅልፍ ማጣቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ ወይም መኖር ካስጠላ፣ ሱፐርቪዥንን ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ዛሬ።

እኔ ራሴ ቴራፒ መግባት አለብኝ?

ግዴታ አይደለም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ "ከየት ልጀምር?" ማለት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ያህል እንኳ ግን ይጠቅማል።

ሱፐርቫይዘሬ የነገረኝ ነገር ልክ ካልመሰለኝስ?

ንገሩት። ውሳኔው ተገልጋዩን የሚጎዳ ከመሰላችሁ ሌላ ባለሙያ ጠይቁ፤ ለእሱም መጠየቃችሁን ንገሩት። ከኋላ መሄድ ነው ነገር የሚያበላሽ።

ለሱፐርቫይዘር ስጦታ መስጠት ነውር ነው?

ሱፐርቫይዝ የማደርጋት አንዷ ከገጠር እናቷ ዘንድ ስትመለስ አንድ ቅል ቅቤ ይዛልኝ መጣች። አልቀበልም ብል የምመልሰው እናቷን ነው። ብቀበል ደግሞ በዚያው ሳምንት የልምምድ ሪፖርቷን መፈረም ነበረብኝ። ሁለቱንም ለራሷ ነገርኳት። ትንሽ ከፋት፣ ከዚያ ገባት። ሪፖርቱን ሌላ ባልደረባ አንብቦ ፈረመ። ቅቤው የቅዳሜው ቡድን ዶሮ ወጥ ውስጥ ገባ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ነበር የቀረው።